ከወንዙ ማዶ የመጣ ጩኸት

በፍርድ ቤቱ ግቢ በስሟ የሚጠራት የለም። ጸሐፊዎቹም፣ በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃም፣ ችሎት አስከባሪውም «ሳልጨምር» ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከመሐላዋ ነው። ከወንዙ ማዶ የመጣ ባለጉዳይ በቀረበ ቁጥር ዳኛዋ ፊት ቆማ ቀኝ እጇን ታነሳና፣ «የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በእውነት አስተረጉማለሁ» ብላ ትምላለች። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ግቢው ሁሉ ቃሉን በቃሉ ያዘው። ችሎት አስከባሪው ሻይ በጋበዛት ቁጥር፣

«ስኳር ይጨመር ወይስ መሐላው ይከለክላል?» ይላታል።

«ስኳሩን ጨምር፣ ወሬውን ቀንስ» ትለዋለች።

ከተማዋ ጠረፍ ላይ ናት። ወንዙ ላይ አንድ ድልድይ አለ። መሐሉ ሲደርሱ የመደገፊያው ብረት ቀለም ከሰማያዊ ወደ ነጭ ይለወጣል፤ እዚያ ላይ አንዱ አገር አልቆ ሌላው ይጀምራል። ሰዉ ግን ለቀለሙ ደንታ የለውም። ጠዋት ተሻግሮ ይሠራል፣ ማታ ይመለሳል፤ ይጋባል፣ ይጣላል፣ ይካሰሳል። የሳልጨምር እናትም ከማዶ ተሻግረው መጥተው ነው አባቷን ያገቡት። አባቷ በአንዱ ቋንቋ ሲቆጧት፣ እናቷ በሌላው ሲያባብሏት አደገች። ማስተርጎም ሥራ መሆኑን ያወቀችው ደመወዝ ሲቆረጥላት ነው።

ከዚያ በፊት ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ላይ ምልክት ትለጥፍ ነበር። አንድ ጠዋት ፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ ቸገረውና «እስኪ ያቺን ልጅ አውሱን» አለ። አዋሱት። ሳይመልሳት ቀረ።

ሥራዋን ታውቅበታለች። ድምፅ አትለውጥም። ተከሳሹ ሲያንባርቅ አታንባርቅም፤ ምስክሯ ስታለቅስ ቃሏ አይሰበርም። «እንባ አይተረጎምም፤ ዳኛዋ ዓይን አላቸው» ትላለች። ከወንበሯ ስትነሳ የሰማችውን እዚያው ትታው ትነሳለች። ቢያንስ ለሰው የምትለው እንደዚያ ነው።

ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ አንድ ምስክር ኮሪደር ላይ አግኝቶ «እንዲህ ብትል ይሻልሃል» በማለቱ ከሥራው ተሰናበተ። አሁን ድልድዩ ሥር የስልክ ካርድ ይሸጣል። ሳልጨምር ባለፈች ባገደመች ቁጥር ሰላም ትለዋለች። እሱም «አንቺ ገና አለሽ?» ይላታል። «አለሁ» ብላ ታልፋለች።

ሕግ አልተማረችም። ሆኖም አንድ ጊዜ የሦስቱ ጎረቤት አገሮች የሕግ ሰዎች በከተማዋ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስበው፣ ወሲባዊ ጥቃትን የሚመለከቱ የወንጀል ሕጎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነጻጽሩ፣ በጠረጴዛዎቻቸው መካከል ተቀምጣ የምታስተረጉመው እሷ ነበረች። አንዱ ወንጀል በሦስት አገር ሦስት መልክ እንዳለው ያኔ ነው የገባት። በዚህኛው ዳር ያለው ሕግ «ፈቅዳ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካልፈቀደች፣ ብትጮህም ባትጮህም፣ ብትታገልም ደርቃ ብትቀርም፣ ወንጀል ነው። የማዶው ሕግ የሚጠይቀው «ኃይል ነበር ወይ?» ብሎ ነው፤ ድብደባ፣ የተቀደደ ልብስ፣ ጎረቤት የሰማው ጩኸት። ይህ ከሌለ ዳኛው መዝገቡን ይዘጋል። ከተራራው ጀርባ ያለችው ሦስተኛዋ አገር ደግሞ ከሁሉም በፊት «ሰውየው ባሏ ነው ወይ?» ትላለች። ባሏ ከሆነ ሌላ ጥያቄ የለም።

ስብሰባው ሞቅ ሲል የዚህኛው ወገን ተናጋሪ የማዶውን ሕግ «የአያቶቻችን ጺም የበቀለበት ሕግ ነው» አለ። ሳልጨምር ሳትጨምር አደረሰችው። የማዶው ሽማግሌ ጠበቃ ሰውየውን ትተው እሷን አፈጠጡባት።

«ጌታዬ፣ ጺሙ የእኔ አይደለም» አለቻቸው። ከራሷ ጨምራ የተናገረችው ያንን ብቻ ነው። አዳራሹ ስለሳቀ ማንም አልተቀየማትም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ይዛ ነው የልጅቷ ጉዳይ የመጣባት።

ልጅቷ ከማዶ ተሻግራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላና ፎጣ የምታጥብ ነበረች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የማረፊያው ኃላፊ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ሌላው ተከስሶ ፍርድ ቤት የደረሰ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ልጅቷ ታማ ስላልመጣች ሁለት ምስክሮች ቀድመው ተሰምተዋል። ሐኪሟ በልጅቷ ገላ ላይ የድብደባም የመታገልም ምልክት እንዳላገኘች፣ ይህ ግን ፈቅዳለች ማለት እንዳልሆነ አስረዳች። የማረፊያው ምግብ አብሳይ ደግሞ የማዶ ሴት ስለሆነች በሳልጨምር አፍ መሰከረች፦ ወጥ ቤቱና አንሶላ ቤቱ በሳንቃ ነው የሚለያዩት፤ በዚያን ሰዓት እዚያው ነበርኩ፤ ሰውየው ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ተራው የልጅቷ ነበር። ሳልጨምር ቀደም ብላ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ከሌላው ጫፍ አንዲት ቀጭን ልጅና በዕድሜ ሳልጨምርን የምታክል ሴት ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ በማዶው ቋንቋ ነው የምታወራው፤ በዚህ አገር ኮሪደር ላይ ማን ይሰማኛል ብላ ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም።

«ስንት ጊዜ ጮህሽ?»

«እስኪደክመኝ።»

«እንደዚያ አይደለም! ጉሮሮዬ እስኪደማ በይ።»

«ጉሮሮዬ እስኪደማ።»

«እጅሽንስ?»

«ጠመዘዘው።»

«የትኛውን?»

ልጅቷ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

«ቀኙን ነዋ! ቀኙን ነው ያልነው! ዳኛ ፊት እንዲህ ልትዪ ነው?»

«ቀኙን፣ አክስቴ።»

የሳልጨምር ብርቱካን ግማሹ ተልጦ እጇ ላይ ቀረ።

ዕድል ነው መቼም፣ ልጅቷ ከመጠራቷ በፊት መብራት ጠፋ። ድምፅ መቅጃው አይሠራም። ዳኛዋ ትንሽ ጠብቀው ለማግሥቱ ጠዋት ቀጠሩና ሰው ሁሉ ተበተነ።

ሳልጨምር ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን አላየችውም። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ምስክርነቱን ያዘጋጁት ለማዶው ሕግ ነው። እዚያ ጩኸት ከሌለ ክስ የለም፤ ስለዚህ ያልነበረ ጩኸት ይዘው ድልድዩን ተሻገሩ። እዚህ ደግሞ ያ ጩኸት አያስፈልግም ብቻ ሳይሆን ገዳይ ነው። ልጅቷ «ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩ» ባለች ቅጽበት የተከሳሹ ጠበቃ ይነሳል፤ ሳንቃውን ይጠቅሳል፣ ምግብ አብሳይዋን ይጠቅሳል፣ ሐኪሟን ይጠቅሳል። በአንዱ ነገር የዋሸች በሌላው ማን ያምናታል? ሰውየው በውሸቷ ነፃ ይወጣል። ያንን ውሸት ደግሞ በዚህ አገር ቋንቋ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትናገረው ሳልጨምር ራሷ ናት።

ለዐቃቤ ሕጉ ትንገረው? ምስክሯ የተጠና ቃል ይዛ እንደመጣች ካወቀ ለተከሳሹ ወገን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ለዳኛዋም ብትነግራቸው ያው ነው፤ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ውሸታም ትባላለች። ዝም ብትልስ? ዝም ማለት ሥራዋ ነው። ለልጅቷ ብትነግራትስ? የስልክ ካርድ ሻጩ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

እናቷ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ?»

«መብራት ጠፍቶ ነው።»

«ፊትሽ ላይ?»

ሳልጨምር አጠገባቸው ቁጭ ብላ ከባቄላው አነሳች። ትንሽ ቆይታ፣ «እማ፣ ማዶ አንዲት ሴት ካልጮኸች ምን ይሏታል?» አለች።

የእናቷ ጣቶች ቆሙ። «ወዳ ነው ይሏታላ። ምን ሊሉ ኖሯል? ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው።»

«አንቺ እንዲያው ጠይቀሽ አታውቂም። የሌላ ሰው ጥያቄ ነው አፍሽ ላይ የሚያድረው።» ባቄላውን ቀጠሉ። «እናቴ መጮህ ታስተምረን ነበር። ወንዝ ዳር ወስዳ እኔንና እህቴን ታስጮኸናለች። ‹መጀመሪያ ጩኹ፣ ከዚያ ነው የምትፈሩት› ትለናለች። ‹ብደርቅስ?› አልኳት አንድ ቀን። ‹እንዳትደርቂ!› ብላ በጥፊ አለችኝ።»

«አልደረቅሽም?»

«ጥፊው ላይ ደርቄያለሁ» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ግን ልጃቸውን ትክ ብለው ያዩዋት ነበር።

ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። ሳልጨምር ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የሥራ ጫማዋን መልሳ አደረገች።

ከማዶ ለቀጠሮ የሚመጡ ሰዎች የት እንደሚያርፉ ታውቃለች፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በተርታ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች አሉ። በሦስተኛው በር ላይ አክስትየዋ ራሷን ብቻ አወጣች።

«ማንን ነው?»

«የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ነኝ» አለች ሳልጨምር፣ በማዶው ቋንቋ።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ጠዋት ብርቱካን ስትልጪ የነበርሽው?»

«እኔው ነኝ።»

«እና ስትሰሚን ነበር?»

«ስሰማ ነበር።»

«ግቢ እንግዲህ» አለች አክስትየዋ፣ በሩን እየለቀቀች። «የቀረሽ ነገር የለም።»

ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋና አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ልጅቷ የኪራይ ቤቱን ትራስ ልብስ አውልቃ አጥባዋለች፤ አሁን እያጣጠፈችው ነው፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያጋጠመች፣ እንግዳ እንደሚመጣ። ሳልጨምር ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ተናገረች። ከተቀመጠች ሐሳቧን እንዳትለውጥ ፈርታ ነው።

«ነገ የምትዪውን ልነግርሽ አልመጣሁም። የዚህ አገር ሕግ የሚጠይቀውን ልነግርሽ ነው። እዚህ ‹ጮኸሻል ወይ› አይባልም። ‹ፈቅደሽ ነበር ወይ› ነው። ካልፈቀድሽ፣ ዝም ብትዪም ወንጀል ነው።»

የምግብ አብሳይዋን ቃል አላነሳችም። የሐኪሟንም አላነሳችም። ከመሐላዋ የተረፈው ያ ነበረና እሱን አልነካችውም።

አክስትየዋ ቀስ ብላ ብድግ አለች። «ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም።»

«እሱ ነው የላከሽ! ‹አልጮህኩም› ብላ እንድትመሰክርለት! ከዚህ የበለጠ ለእሱ የሚጠቅም ቃል ከየት ይመጣል?»

ነገሩን ከማዶ ቆሞ ላየው ሰው ሴትዮዋ ልክ ናት።

«ያልሽው የማዶ ሕግ ነው» አለች ሳልጨምር።

«ሕግ ሕግ ነው!»

«አይደለም። ድልድዩ ላይ ቀለሙ ይለወጥ የለ? ሕጉም እዚያ ይለወጣል።»

«ትስቂብኛለሽ?»

«አልሳቅሁም።»

«እኔ እውነቱን ተናግሬ አይቼዋለሁ!» አክስትየዋ ጣቷን ወደ ልጅቷ ቀሰረች። «የዚችን ዕድሜ ሳልደርስ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ። ዳኛው ‹ጮኸሻል?› አሉኝ፤ ‹ድምፄ ጠፋ› አልኳቸው። ‹ድምፅሽ ከጠፋ እንግዲህ ማን ይስማሽ?› አሉኝ። ችሎቱ በሞላ ሳቀ። እሱ ቀድሞኝ ወጣ። ወጥቶ ደግሞ በሩን ያዘልኝ። ‹እለፊ እህቴ› አለኝ።» አልጋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «ከዚያ ወዲህ ስጮህ ነው የኖርኩት። በነጋዴው እጮሃለሁ፣ በጎረቤት እጮሃለሁ። ባሌ ደንቆሮ ሆነብኝ። አሁን ደግሞ አንቺ መጥተሽ ጩኸት አያስፈልግም ትይኛለሽ።»

ውጭ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ያጉረመርማል።

«እዚህ በመምጣቴ ነገ ወንበሬ ላይ አልቀመጥም» አለች ሳልጨምር። «ለዳኛዋም ራሴ ነኝ የምነግራቸው። የተላከ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

«የተላከ ሰው የሚያደርገውን እኔ ምን አውቄ!»

«አልጮህኩም» አለች ልጅቷ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። የትራሱን ልብስ አልለቀቀችውም።

«አልጮህኩም፣ አክስቴ። እጄንም አልጠመዘዘውም። በሩን ሲዘጋው አንሶላ እያጣጠፍኩ ነበር። አጣጥፌ ከጨረስኩ የሚተወኝ መሰለኝ። ‹አይሆንም› አልኩት። አንዴ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ መንቀሳቀስ አቃተኝ።»

አክስትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለእኔ እንኳ ይህን አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅሽኝማ። ‹ስንት ጊዜ ጮህሽ› ነው ያልሽኝ።»

የሳልጨምር ከንፈሮች ይንቀሳቀሱ ነበር። ልጅቷ ያለችውን በልማድ በሌላው ቋንቋ እያለችው ነው፣ ድምፅ ሳታወጣ። ልብ ስትለው አፏን ዘጋች። ከዚህ በላይ ብትቆይ «እንዲህ በይ» ማለቷ ስለማይቀር ደህና እደሩ ብላ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ችሎቱ እንደተሰየመ ቀኝ እጇን አላነሳችም።

«ክብርት ዳኛ፣ መማል አልችልም። ትናንት ከምስክሯ ጋር ተነጋግሬያለሁ።»

የተከሳሹ ጠበቃ ጋውኑን ሰብስቦ ተነሳ። «ምስክሯ ተበላሽታለች! ቃሏ ሊሰማ አይገባም!»

ዳኛዋ በእጃቸው አስቀመጡት። መነጽራቸውን አውልቀው ሳልጨምርን አዩዋት። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የራሷን ቃል ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

«ሌሎች ምስክሮች ያሉትን ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም።»

«‹እንዲህ በይ› ብለዋታል?»

«አላልኳትም። የዚህ አገር ሕግ የሚጠይቀው ጩኸትን ሳይሆን ፈቃድን መሆኑን ነው የነገርኳት። እነሱ የመጡት የራሳቸውን ሕግ ይዘው ነበር።»

«ይህ የእርስዎ ሥራ ነው?»

«አይደለም፣ ክብርት ዳኛ።»

ዳኛዋ ጻፉ። ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉ ላይ አቀርቅሯል፤ ጆሮው ቀልቷል። «ከዚህ መዝገብ ተነስተዋል» አሉ ዳኛዋ። «የቀረውን ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቅዎታል። ጠበቃ፣ እርስዎም ጥያቄ ካለዎት ምስክሯን ራሷን በመስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቋት። ሌላ አስተርጓሚ ይጠራ።»

በከተማዋ ያለው ሌላ አስተርጓሚ አንድ ነው፤ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ አስተማሪ። ቅጽል ስማቸው «ማብራሪያ» ነው። አንድ ጊዜ ምስክሩ «ገበያ ሄድኩ» ቢል፣ ማብራሪያ ገበያው ከወንዙ በስተየት እንደሆነና ወንዙ እዚያ ጋ ለምን እንደሚታጠፍ ሳይቀር ለችሎቱ አስረድተዋል። ከረባታቸውን እያስተካከሉ ሲደርሱ ሳልጨምር ኮሪደሩ ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ አይጨምሩ።»

«መቼ ጨምሬ አውቃለሁ?» አሉና ስለ አለመጨመር ማብራራት ጀመሩ። ችሎት አስከባሪው ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው።

እንዲህ ያለ ጉዳይ በዝግ ችሎት ነው የሚታየው። በሩ ተዘጋ። ሳልጨምርና አክስትየዋ አግዳሚው ወንበር ላይ ቀሩ፣ አንዷ ከአንዱ ጫፍ፣ ሌላዋ ከሌላው።

«ምን እየተባለ ነው?» አለች አክስትየዋ፣ ትንሽ ቆይታ።

«አልሰማም።»

«አስተርጓሚ አይደለሽ?»

«ከበሩ በዚህ በኩል አይደለሁም።»

ሳልጨምር ከቦርሳዋ ብርቱካን አወጣች። ልጣ ግማሹን ዘረጋችላት። አክስትየዋ አልተቀበለችም። እጇ እንደተዘረጋ ቆየ። በኋላ ተቀበለች፤ ሳትበላው ያዘችው።

«ቢስቁ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

ሁለቱም አዳመጡ። ከውስጥ የማብራሪያ ድምፅ ይመጣል፣ አጭር አጭር እየሆነ። የጠበቃው ይመጣል፣ ረዘም ያለ። ከዚያ የዳኛዋ። ከዚያ ዝምታ። አክስትየዋ ጭንቅላቷን ወደ በሩ አዘንብላ ትጠብቃለች። የተከሳሹ ወንድም ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆሞ ያልለኮሰውን ሲጋራ በጣቶቹ መካከል ያፍተለትላል። የሳቀ የለም።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጡት ማብራሪያ ነበሩ፣ በመሐረብ ግንባራቸውን እየጠረጉ። «አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም!» አሉ ለሳልጨምር። «‹አይሆንም› ስትል ‹አይሆንም› ብቻ! ሌላው እየመጣ ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ነክሼ አስቀረሁት!»

ከኋላቸው ልጅቷ መጣች። አክስትየዋ ተነስታ ትከሻዋን ያዘች።

«ጠየቁሽ?»

«የእሱ ጠበቃ ጠየቀኝ። ‹ትናንት አስተርጓሚዋ አስጠናችሽ ወይ?› አለኝ። ‹ያስጠናኝ ሌላ ሰው ነበር፤ ጮህኩ እንድል ነበር ያስጠናኝ። የምናገረው ግን የሆነውን ነው› አልኩት።»

አክስትየዋ ነገሩን ዋጥ አደረገችው። «ከዚያስ?»

«‹ታዲያ ለምን አልጮህሽም?› አለኝ። ልመልስ ስል ዳኛዋ አቋረጡት። ‹ይህን ጥያቄ ይለፉት፤ ሕጉ እንድትጮህ አይጠይቃትም› አሉት።»

«እሱስ?»

«አለፈው።»

«እንዲሁ አለፈው?»

«ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደ።»

አክስትየዋ ወደ ሳልጨምር ዞረች። የብርቱካኑ ጭማቂ በእጅ አንጓዋ ላይ ወርዷል። «እንዴት ነው የሚታለፈው?» አለች። «ያ ጥያቄ እኮ ነው። እንዴት ነው የሚታለፈው?»

ማብራሪያ አፋቸውን ከፈቱ። ሳልጨምርን አዩና መልሰው ዘጉት።

ሰውየው ጥፋተኛ ተባለ፤ ታስሯል፤ ይግባኝ ጠይቋል። ሳልጨምርን ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ አሰናበታት። ፍርድ ቤቱ የተዋሳትን ለጉምሩክ መለሰ፤ አሁን እዚያው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ላይ ምልክት ትለጥፋለች። ችሎት አስከባሪው መንገድ ላይ ሲያገኛት «ጨመርሽ እኮ!» ይላታል። የስልክ ካርድ ሻጩ ደግሞ ከአጠገቡ አንድ ክፍት ቦታ እንዳለ እየማለ ይነግራታል። ችሎቱን ትናፍቃለች። አንዳንድ ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ሹፌሮች ሲጨቃጨቁ ሳትጠራ መሐላቸው ገብታ ስታስተረጉም ትገኛለች።

ፍርዱ በተነበበ ቀን ሁለቱን እስከ ድልድዩ ሸኘቻቸው። ልጅቷ ለእናቷ ልትደውል የማዶ ስልኳ መሥራት ጀምሮ እንደሆነ ቆም እያለች እያየች ወደ ኋላ ቀርታለች። አክስትየዋ ሰማያዊው ብረት አልቆ ነጩ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆመች። እጇን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፤ መዳፏ ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ ሆነ።

«የእኔስ?» አለች። «እኔስ መጥቼ እዚህ ብናገር?»

ሳልጨምር የሚያጽናና ቃል አላጣችም። በሁለት ቋንቋ ነበራት።

«ማዶ የተፈጸመ ነገር የሚዳኘው ማዶ ነው» አለች። «እዚያ ደግሞ የሚጠይቁት ያንኑ ነው።»

አክስትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በላይ ስትጠብቅ የነበረች አትመስልም። «ይሁን» አለች። «አንቺ እንኳ አልሳቅሽም።»

እጇን ከብረቱ አንስታ ወደ ኋላ ዞረች።

«ነይ እንጂ አንቺ ልጅ! እዚያ ተገትረሽ ልታድሪ ነው?»

ከታች ወንዙ ላይ መረብ የሚጎትቱ ሰዎች፣ ከዚህም ዳር ከዚያም ዳር፣ ቀና ብለው አዩ።